አባቴን ከወንድሞቹ እጅ አውጣልኝ

አባቴ ሁልጊዜ ሥራውን የሚነጠቅ ሰው ነው ብዬ እንዳምን ያደረገኝ ቆጮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የምንኖረው ቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። በየተወሰነ ዓመቱ፣ መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ካለው ከአባቴ አገር አንድ አጎት ይመጣል። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ተሸክሞ ይገባል። ቤቱ በዚያ በሚኮመጥጥ ሽታ ይሞላል፣ እናቴ ጎመንና አይብ ታቀርባለች፣ ይበላል፣ ይሳቃል፣ ለአጎትየውም ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፍለታል። ከዚያ ጥቂት ወራት ያልፉና አባቴ ሥራ የለውም። አጎትየው ግን አለው።

መጀመሪያ የመጣው ያረጋል ነበር። ያኔ አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ እኔ እግሩ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እለቅማለሁ። ያረጋል ቆጮውን አስረከበና አባቴ አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። መጀመሪያ ቁልፍ ይተክል ነበር፣ ቀጥሎ እጅጌ፣ ቀጥሎ ኮሌታ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናው ላይ የተቀመጠው ያረጋል ሆኖ አገኘሁት። አባቴ ደግሞ አንድ ዳማ ፈረስ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጋሪ ነጂ ሆኗል።

በጋሪው ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ቡታጅራ ያን ጊዜ የጋሪ ከተማ ነበረች። በአባቴ ጋሪ ትምህርት ቤት በር ድረስ ስሄድ ራሴን ከከንቲባው አላሳንስም ነበር። ታዲያ ዘርጋ የሚባለው አጎቴ መጣ። ቆጮ ይዟል። ፈረሱን ማጠብ ጀመረ፣ ማብላት ጀመረ፣ ልጓሙን ያዘ። በመጨረሻም ጋሪውን ይዞት ሄደ። እኔ ለአባቴ ሥራ ሳይሆን ለፈረሱ ነበር ያለቀስኩት። ፈረሱ ግን ዘርጋን ተከትሎ ሲሄድ ዘወር ብሎም አላየኝ።

የጓደኛዬ የነዒማ አባት ነጋዴ ነው። ስንወለድም ነጋዴ ነበር፣ አንደኛ ክፍል ስንገባም ነጋዴ ነው። የእኔ አባት ግን እኔ ሳልወለድ እንኳ ብዙ ነገር ሆኖ ነበር፦ ገበሬ፣ አዲስ አበባ የቀን ሠራተኛ፣ ከዚያም የዳቦ ቤት ሠራተኛ። አስተማሪያችን በየዓመቱ መጀመሪያ የአባቶቻችንን ሥራ ስትጠይቅ ነዒማ ሳታስብ ትመልሳለች፣ እኔ ግን ትንሽ ማስታወስ ነበረብኝ።

ጋሪው ከሄደ በኋላ አባቴ ወልቂጤ ሄዶ ከረመ። እዚያ ከአንድ አዛውንት ፎቶ አንሺ ዘንድ ሙያ ተምሮ ሲመለስ ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየና ፎቶ ቤት ከፈተ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ቤት አላየሁም። ግድግዳው ላይ ፏፏቴና አውሮፕላን አብረው የተሳሉበት መጋረጃ ተሰቅሏል። አውሮፕላኑ ፏፏቴው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ኮት የሌለው የሚዋሰው ኮት አለ፣ ለሁሉም የሚሰፋ፣ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ የሚጠብ። በስተጀርባ ደግሞ ቀይ መብራት ብቻ የሚበራበት ጨለማ ክፍል ነበር። ጉርድ ፎቶዎቹን እዚያ ያጥባቸዋል። የከለር ፊልሙን በአውቶብስ አዲስ አበባ ይልካል፣ ታጥቦ ሲመጣም መናኸሪያ ድረስ ሮጦ ይቀበላል።

ገጠሬዎች ካሜራ ፊት ሲቀመጡ ደርቀው ይቀራሉ። አባቴ ታዲያ አንገቱን ከካሜራው ጀርባ ብቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ላምሽ ወለደች?» ይላል። ሴትየዋ «እንዴት አወቅህ?» ብላ ፊቷ ሲበራ ጠቅ ያደርጋል። ላም የሌላት ከሆነች ስለ እንሰቷ፣ እንሰት ከሌላት ስለ ምራቷ ይጠይቃታል። ምራት ላይ የማይስቅ ሰው ግን ገጥሞት አያውቅም።

እንግዲህ በዚህ ደስታ መካከል ነው አጎቴ ዮሴፍ ቆጮ ተሸክሞ ከተፍ ያለው።

ዮሴፍ የወንድማማቾቹ ትንሹ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ እንደ አካፋ የሆነ ልጅ። ልጅ የምለው አሁን ነው፣ ያኔ ለእኔ ግዙፍ ሰው ነበር። ቆጮውን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ አየሁት። እናቴ «ግቢና አጎትሽን ሳሚ» ስትለኝ በአንድ ጉንጩ ብቻ ሳምኩት። በነጋታው ፎቶ ቤት ገባ። በሳምንቱ ጨለማ ክፍል ገባ። ነገሩ የት እንደሚያልቅ ለእኔ ግልጽ ነበር።

ወላጆቼ እኛ ልጆች እንዳንሰማ ሲፈልጉ በጉራጊኛ ነው የሚያወሩት። ቡታጅራ ተወልጄ በአማርኛ ያደግኩ ስለሆንኩ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን እሞላበታለሁ። አንድ ቀን ከእራት በኋላ እናቴ ዕቃ እያጠበች ተቆጥታ ታወራለች፣ አባቴ ቀስ እያለ ይመልሳል። እሷ «ይኼኛውን አትስጥ» ስትል ሰማሁ። እሱ ስለ ሟቹ አያቴ አንድ ነገር ተናገረና «ዮሴፍ የመጨረሻው ነው፣ ከሱ በኋላ ነጻ ነኝ» አለ።

ነጻ! በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያን፣ ሰንበት ትምህርት ላይ፣ የእስራኤልን ከግብፅ መውጣት እየተማርን ነበር። ሰው ነጻ የሚሆነው ባሪያ ከሆነ ነው። ስለዚህ አባቴ የወንድሞቹ ባሪያ ነው። እሱ ጡብ ይሠራል፣ እነሱ ይወስዳሉ። በመጽሐፉ ወንድሞቹ የሸጡት ዮሴፍን ነበር፣ የእኛው ዮሴፍ ግን ገዢ ሆኖ መምጣቱ ገረመኝ።

ጥርጣሬዬን ያረጋገጠልኝ ደግሞ ራሱ ዮሴፍ ነው። ከጨለማ ክፍል ላብ አጥምቆት ይወጣና በቀጥታ ወደ ጓሯችን ይሄዳል። እዚያ ቆፍሮ ቆፍሮ፣ ከገበያ ባመጣው ችግኝ ጥግ ጥጉን እንሰት ተከለ። እየዞረ ያየዋል፣ አፈሩን በጣቱ ይፈትሻል፣ አንዳንዴም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይቆያል። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ ማንም ጉራጌ ያውቃል። ስለዚህ ሰውዬው ሥራውን ብቻ ሳይሆን ግቢውንም ሊወርስ ነው አልኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ያ ሰው አገሩ ናፍቆት በጓሯችን ውስጥ የእናቱን ደጅ እየሠራ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ናፍቆትን ከወረራ የምትለይበት ምን ዘዴ አላት?

የካቲት ላይ በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች እሁድ ሆነ። በዚያን ቀን ልጆች ይዘምራሉ፣ ጥቅስ ይላሉ፣ ከዚያ የፈለገ ልጅ ማይክሮፎን ይዞ የጸሎት ርዕስ ይሰጣል። አንዱ «ለአያቴ ወገብ» አለ። ሌላዋ «ለሒሳብ ፈተናዬ» አለች። ምዕመናኑ አሜን ይላሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ተራዬ ሲደርስ ማይክሮፎኑን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩ።

«አባቴ ሽፈራው በወንድሞቹ ባርነት ሥር ነው» አልኩ። «መኪናውን ወስደውበታል። ፈረሱንም ወስደውበታል። አሁን ደግሞ ዮሴፍ የሚባለው መጥቶ ፎቶ ቤቱን ሊወስድ ነው። ግቢያችንንም ተክሎበታል። እግዚአብሔር እስራኤልን እንዳወጣ አባቴንም ከወንድሞቹ እጅ እንዲያወጣልኝ ጸልዩልኝ።»

አሜን ያለ ሰው አልነበረም። አጎቴ ያረጋል መዘምራን መካከል፣ ራሱ በሰፋው ጋውን ውስጥ ቆሞ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ዘርጋ ከኋላ ወንበር ሊነሳ ሲል ሚስቱ ጎትታ አስቀመጠችው። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ያኔ እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እየሳቀች እንደነበር የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ቡታጅራ ወሬ በጋሪ አይሄድም፣ በራሱ እግር ይሮጣል። ከምሳ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ሳህሌ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ያረጋልና ዘርጋ ተኮሳትረው መጡ። የነዒማ እናት እትዬ ከድጄም አንድ ጆግ ወተት ይዘው በጓሮ በር ገቡ።

«አሰላሙ አለይኩም። ዘነበች፣ ሽፈራውን ምን አደረጉት?» አሉ እናቴን። «ወላሂ፣ ተበደለ ሲሉ ሰምቼ ነው። እኛ ጎረቤት አይደለንም እንዴ?»

እናቴ አስቀመጠቻቸው። ሳሎናችን ሞላ። ዮሴፍ በሩ አጠገብ፣ የጓሮው አፈር ከጥፍሩ ሳይለቅ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔ እናቴ ጀርባ ተወሸቅሁ። ነገሩ ከጸሎት ወደ ፍርድ ቤት መቀየሩ ገብቶኛል።

«ልጅ አትዋሽም» ብለው ጀመሩ ጋሽ ሳህሌ። «ልጅ ግን ሁሉን አታውቅም። ሽፈራው፣ አንተው ንገረን።»

አባቴ መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ማንም ሳይከተለው ሲቀር ጉሮሮውን ጠረገና ተናገረ። ያኔ ከንግግሩ ግማሹን ነው የያዝኩት፣ ቀሪውን በኋላ ደጋግሞ ነግሮኛል። አያቴ ሲያርፉ አባቴ ገና ጎረምሳ ነበር። አልጋቸው አጠገብ ቆሞ፣ ወንድሞቹን አንድ በአንድ ሥራ አስይዞ ሰው ሊያደርግ ቃል ገባላቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ሙያ ይማራል፣ ያደላድለዋል፣ ደንበኛ ያበጅለታል፣ ቀጣዩን ወንድም ያስጠራና አስተምሮ ያስረክበዋል። ራሱ ሌላ ፍለጋ ይወጣል።

«እኛ ለምነነዋል እንዴ?» አለ ያረጋል ለጋሽ ሳህሌ። «መኪናውን ትቶልኝ የወጣ እለት እኔ ሳለቅስ ነው ያደርኩት!»

«እኔም ጋሪውን አብረን እንሥራ ብዬው ነበር» አለ ዘርጋ። «እምቢ ያለው እሱ ነው።»

እትዬ ከድጄ «አላህ ይስጥህ ልጄ» ብለው ለአባቴ ወተት ቀዱለት። ለእኔም ቀዱልኝ። ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ሁሉም ተመራርቆ ሊነሳ ነበር። ጋሽ ሳህሌ ግን ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ እንዳጋደሙ ወደ በሩ ዞሩ።

«ዮሴፍ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ዮሴፍ ደነገጠ። ትንሹ ወንድም ስለሆነ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም ምን እንደሚል ጠይቆት አያውቅም ነበር።

«እኔ ምን እላለሁ። ጋሼ ያለው ነው።»

«ጋሼ ያለውንማ ሰማን።»

«ይቆጣል።»

«አልቆጣም» አለ አባቴ።

ዮሴፍ እነዚያን ትልልቅ እጆቹን አሻሸ። «ጨለማው ክፍል ያፍነኛል» አለ በመጨረሻ። «የመድኃኒቱ ሽታ ምግብ አላስበላ ብሎኛል። ሌሊት እዚህ ተኝቼ የማስበው እዚያ ስላለው እንሰታችን ነው። ችግኙ የሚዛወርበት ወቅት እያለፈ ነው፣ እናታችን ብቻዋን ናት። እኔ… እኔ እዚያ ነበር ደስ የሚለኝ። ጋሼ ና ሲለኝ ግን እንዴት እምቢ እላለሁ? ያሳደገኝ እሱ ነው። ወንድሜ ከአፉ ነጥቆ የሰጠኝን አልፈልግም ብዬ ፊቱ ላይ ልወርውርበት?»

አባቴ የወተቱን ብርጭቆ ከከንፈሩ መለሰ።

ይኼኔ እናቴ ተነሳች። ከነተወሸቅሁበት ጎትታ አቆመችኝ ማለት ይሻላል። ያንን ዕቃ እያጠበች በጉራጊኛ ስትናገረው የነበረውን ነገር በጥርት ያለ አማርኛ፣ እትዬ ከድጄም እኔም እንድንሰማ አድርጋ ተናገረችው።

«እሱም እኮ መስጠት አልፈለገም! ስፌቱን ሰጠ፣ እሺ፣ መቀመጥ አይወድም ነበር። ጋሪውን ሰጠ፣ እሺ። ይኼን ፎቶ ቤት ግን ይወደዋል! ሰውዬው በሕልሙ እንኳን ሰው ፎቶ ሲያነሳ ነው የሚያድረው! ዮሴፍ ከመጣ ጀምሮ ምግብ ያነሰው ዮሴፍ ብቻ መሰላችሁ? እሱም አልበላም። አንዱ ላለመቀበል ያፍራል፣ ሌላው ላለመስጠት ያፍራል፣ ሁለታችሁም በረሃብ ልታልቁብኝ ነው!»

አባቴ ወደ ዮሴፍ ሳያይ፣ «ቃሌስ?» አለ። ድምፁ የማላውቀው ዓይነት ነበር። «እናንተ ሁላችሁ ወጣችሁ። እሱን ብቻ ጭቃ ውስጥ ትቼው ልቀር ነው? አባቴ ፊት የገባሁት ቃልስ?»

«ምን ነበር ያልከው?» አሉ ጋሽ ሳህሌ።

«ወንድሞቼን ሁሉ ሥራ አስይዛለሁ።»

«አባትህ አንተን በምን አሳደጉህ?»

«በእንሰት።»

«ታዲያ እሱ ሥራ አይደለም ያለህ ማነው?»

አባቴ ጋሽ ሳህሌን አየ፣ የዮሴፍን እጆች አየ፣ በመጨረሻ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔው ራሴ ነኝ ያልኩት።»

ቀጥሎ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደና ዮሴፍን አንገቱ ላይ አቀፈው። ዮሴፍ ከእሱ ይረዝማል፣ ስለዚህ አባቴ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። ሁለቱም አለቀሱ። ያረጋልና ዘርጋም ተነሱ። አራት ትልልቅ ወንዶች በአንድ በር ሥር ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይቼ እኔም ለደህንነቴ ስል ጮክ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ከድጄ እቅፋቸው ውስጥ አስገቡኝና «አይዞሽ፣ አንቺማ ጠበቃቸው ነሽ» አሉኝ። አባቴ በእጁ ዓይኑን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። «ነይ እስቲ፣ ሙሴ» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ፍሬሕይወት በቤታችን ሙሴ ነኝ። ባለቤቴም ሲያበሽቀኝ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ።

ይህንን የምጽፈው ከወልቂጤ ነው፣ የማስተምረው እዚህ ነው። አባቴን አንዴ፣ አገር ቤት ለቀረው ወንድሙ ለምን እንደዚያ ያዝን እንደነበር ጠየቅሁት። «እኔ ከዚያ ጭቃ ስወጣ ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ያመለጠ ሰው የቀረ ሁሉ ታስሮ የቀረ ይመስለዋል።» ከዚያ ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ከሁላችን ግን ያልታሰረው ዮሴፍ ነው።» እኔ ደግሞ በልቤ፣ በዚያ እሁድ ነጻ የወጣው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በትክክል አልለየሁትም። ጸሎቱ ግን የኔ ስለሆነ የመልሱን ምስጋና ለማንም አላካፍልም።

ሰኞ ጠዋት ዮሴፍን ልንሸኝ ሁላችንም መናኸሪያ ሄድን። ዮሴፍ ፊቱ በርቶ እንደዚያ ሲያወራ አይቼው አላውቅም። ከሹፌሩ ጋር፣ ከረዳቱ ጋር፣ አጠገቡ ከተቀመጡት አዛውንት ጋር ስለ ዝናብ እያወራ ነው የሄደው። እኔም በሁለት ጉንጩ ሳምኩት።

መኪናው ከወጣ በኋላ እናቴ ወደ ቤት ስታመራ አባቴ አልተከተላትም። ከዘርጋ አንድ ቆርቆሮ ሰማያዊ ቀለም ተዋሰ፣ ለጋሪው የገዛውን። ከእነ ነዒማ ቤት መሰላል አመጣ። ፎቶ ቤቱ በር ላይ አቁሞት ወጣና ቀለሙን በጥብጦ ብሩሹን ነከረ።

እስከዚያች ጠዋት ድረስ በሩ አናት ላይ «ፎቶ ቤት» ብቻ ነበር የተጻፈው። የልብስ ስፌቱም «ልብስ ስፌት» ብቻ ይል ነበር። ጋሪውም ስም አልነበረውም። ለሰው በሚሰጥ ነገር ላይ ስም አይጻፍም ያለኝ ካደግኩ በኋላ ነው፣ ያኔ ግን የምን ቀለም እንደሆነ ሳይገባኝ መሰላሉን ይዤለት ቆምኩ። ከላይ በቀስታ፣ እንደ ተማሪ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ «ሽ» ብሎ ጻፈ። ቀጠለ፣ «ፈ»።

አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ገታ አድርጎ፣ «ሽፈራው! ስምህን ዛሬ ነው እንዴ የምትጽፈው? ቤቱ ከተከፈተ ስንት ጊዜው!» ብሎ ጮኸ።

«ቤቱ የተከፈተው ዛሬ ነው!» አለ አባቴ ከመሰላሉ ላይ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

እናቴ ምን እያደረገ እንደሆነ ለማየት ተመልሳ መጣች። ከእኔ አጠገብ ቆማ መሰላሉን በአንድ እጇ ያዘች፣ በሌላው ፀሐዩን ከዓይኗ ከለለች፣ እነዚያን ሁለት ፊደሎች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ምነው ሽፈራው፣ ተለቅ አድርገህ ጻፈው እንጂ» አለችው፣ «ከመናኸሪያው ድረስ ይታይ።»